ትርፉ የፀሐይ ኃይል መጀመሪያ ለማን ይሰጥ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ጣሪያዬ ላይ 5 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ የሶላር ፓኔሎች አሉኝ። የቤቴን ውኃ የሚያሞቀው ሙቀት ፓምፕ ነው። ማጠራቀሚያው 200 ሊትር ይይዛል፤ በውስጡም ባለ 3 ኪሎ ዋት የማሞቂያ ሬዚስታንስ ለመጠባበቂያ ተገጥሟል። ፓምፑ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ውኃውን 55 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ማታ ሰው ከታጠበ በኋላም እንደገና ይነሣል። ቀን የሚተርፈኝ ኃይል ዝም ብሎ ወደ መስመሩ ከሚፈስ ብዬ፣ ትርፉን እየለካ ወደ ሬዚስታንሱ የሚያዞር መቆጣጠሪያ አስገጠምኩ። ሁለት ወር ሆነው። ከመስመር የምገዛው ኤሌክትሪክ ግን እምብዛም አልቀነሰም፤ ትርፉም አሁንም ይወጣል። አንድ ወዳጄ መቆጣጠሪያውን ከሬዚስታንሱ ንቀልና ለሙቀት ፓምፑ ስጠው ይለኛል። ልስማው?»

አይስሙት። ከዚህ የምጀምረው ከጥያቄዎ ሁሉ አደገኛው ይህ ስለሆነ ነው። ያስገጠሙት መቆጣጠሪያ የሚሠራው የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆራረጠ ነው። ትርፍዎ 800 ዋት ከሆነ፣ ለሬዚስታንሱ በአማካይ 800 ዋት ብቻ እንዲደርስ በፍጥነት እየከፈተ እየዘጋ ያደርሳል። ሬዚስታንስ ይህ አይገደውም፤ የተሰጠውን ያህል የሚግል ሽቦ ነው። ሙቀት ፓምፕ ግን ኮምፕረሰር (ሙቀት ተሸካሚውን ጋዝ የሚጨምቅ ሞተር)፣ ማራገቢያና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለው፤ የሚፈልገውም ሙሉና ያልተነካካ ሞገድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተደረገበት ቤት አንድ ጊዜ ተጠርቼ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። በሰሌዳው ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች አናታቸው ጉብ ብሎ አብጧል፤ ከሥራቸው ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ እንደ ሙጫ ደርቋል። ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ስለዚህ ያ መቆጣጠሪያ ከሬዚስታንስ በቀር ከምንም ዕቃ ጋር አይገናኝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ቁጠባው ለምን እንዳልታየ የሚነግረን እሱ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 200 ሊትር ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 9.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሬዚስታንሱ ይህን ሙቀት ለመስጠት 9.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ አንዱን በአንድ ይመልሳል። ሙቀት ፓምፕ ግን ሙቀትን ከውጭ አየር እየቀዳ የሚያመጣ ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ለቀጂው ድካም ነው እንጂ ለሙቀቱ አይደለም። በመካከለኛ የአየር ሁኔታ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሦስት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ያንኑ ውኃ በ3.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ነገሩ የተሰወረብዎት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሬዚስታንሱ ቀን 9.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ትርፍ ቢውጥ ያን ያህል ያተረፉ ይመስልዎታል። ሬዚስታንሱ ባይኖር ግን ፓምፑ ለዚያ ሥራ ከመስመር የሚገዛው 3.1 ብቻ ነበር። የዳነልዎ እሷ ናት፤ የሰጡት ሲሶ። ወደ መስመሩ ለሚልኩት ኃይል የሚከፈልዎ ከሆነና ክፍያው ከሚገዙበት ዋጋ ሲሶ ከበለጠ፣ ለሬዚስታንሱ ከመስጠት መሸጡ ይሻላል። ምንም የማይከፈልዎ ከሆነ ደግሞ ሲሶውም ጥቅም ነው፤ ሆኖም ያው ትርፍ በፓምፑ በኩል ቢያልፍ ሦስት እጥፍ ሙቀት ይሰጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ፀሐይዋ መጀመሪያ ለሙቀት ፓምፑ ትሥራ፤ ሬዚስታንሱ የፓምፑን ቅሪት ይልቀም።

በእርስዎ ቤት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ፓምፑ ሳይነጋ በተገዛ ኃይል 200 ሊትሩን 55 ያደርሳል። ፀሐይ ስትወጣ ለእሷ የቀራት ሥራ የለም። ጠዋት ጥቂት ውኃ ይቀዳል፤ ሬዚስታንሱ ያችን ጉድለት ይሞላና ቴርሞስታቱ ይቆርጠዋል፤ የቀረው ትርፍ ወደ መስመሩ ይሄዳል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው ሁለት ማሞቂያ መኖሩ መልካም ነው። የእርስዎዎቹ ግን ከመደጋገፍ ይልቅ አንዱ የሌላውን ቦታ ይዞበታል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ምንም ወጪ የለውም። በፓምፑ መቆጣጠሪያ ላይ የውኃ ማሞቂያውን ሰዓት ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ አጋማሽ ድረስ ያድርጉት፤ የንጋቱንና የማታውን ይሰርዙ። ለቤት ውኃ የሚሠራ ፓምፕ እንደ ዓይነቱ ከ500 ዋት እስከ 2 ኪሎ ዋት ይስባል፤ የ5 ኪሎ ዋት ፓኔል ስስ ደመና ባለበት ቀንም ብዙውን ጊዜ ይሸፍነዋል። በዚያ ሰዓት የውጭው አየርም ሞቅ ስለሚል ፓምፑ ለአንድ የሚመልሰው ይጨምራል።

«ቀን የሞቀ ውኃ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይቆያል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ይቆያል። በደንብ የተሸፈነ ባለ 200 ሊትር ማጠራቀሚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ያጣል። በዲግሪ ሲሰላ ከ6 እስከ 9 መሆኑ ነው፤ ከቀትር በኋላ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ብቻ ይወርዳል። ማታ ብዙ ውኃ ከተቀዳ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፤ ሙቁ ግን ላይ ስለሚንሳፈፍ ጠዋት የሚያገኙት ያንኑ ነው። ከማጠራቀሚያው የሚወጡትን ቧንቧዎች ግን በእጅዎ ይዳስሱ። የመጀመሪያው ሜትር ተኩል ራቁቱን ከሆነና ማንም ውኃ ሳይቀዳ የሚፋጅ ከሆነ፣ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ይሾልካል። የቧንቧ ሽፋን ያልብሱት።

ሁለተኛው ማስተካከያ ሁለቱ ዕቃዎች እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። ብዙ ሙቀት ፓምፖች ከውጭ ምልክት የሚቀበሉበት ማያያዣ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ «ኤስ ጂ ሬዲ» የሚል መለያ ታገኛላችሁ። የማያያዣው ሁለት ነጥቦች ሲገናኙ ፓምፑ «ትርፍ አለ» ብሎ ይረዳና ውኃውን ከተለመደው ጥቂት ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያሞቃል። ምልክቱን የሚሰጠው በኢንቨርተሩ (የፓኔሎቹን ኃይል ለቤት ወደሚሆን ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ዕቃ) ወይም በኃይል መለኪያው ላይ ያለ ሪሌ፣ ማለትም በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። እዚህ ማያያዣ ላይ ኃይል አይገባም። ሪሌው መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው ሥራው፤ 230 ቮልት ቢገባበት ሰሌዳው ያበቃለታል። ስለዚህ የዕቃውን መመሪያ ያላነበበ ሰው እንዳይነካው።

ሪሌው መቼ ይዝጋ፣ ማለትም ነጥቦቹን አገናኝቶ ፓምፑን ያስነሣ? ፓምፕዎ 1 ኪሎ ዋት የሚስብ ከሆነ፣ ትርፉ 1.2 ኪሎ ዋት ደርሶ ለ10 ደቂቃ ሲጸና ይዝጋ። አንዴ ከዘጋ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አይክፈት፤ ደመና ቢያልፍም አይክፈት። ኮምፕረሰርን የሚገድለው ረጅም ሥራ ሳይሆን ተደጋጋሚ መነሣት ነው። በእያንዳንዱ መነሣት ዘይቱ ከጋዙ ጋር ተጠርጎ ይወጣል፤ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ጥቂት ዋት ከመስመር መግዛት ኮምፕረሰር ከመግዛት ይሻላል።

አሁን ሬዚስታንሱ ይግባ። ፓምፑን 52 ወይም 55 ላይ ያቁሙት፤ የሬዚስታንሱን ቴርሞስታት 65 ያድርጉት። ከ55 በላይ ያለው ዳገት ለፓምፕ ይከብደዋል፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር ለአንድ የሚመልሰው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዙዎቹም 60 አካባቢ ይቆማሉ። ሬዚስታንሱ በ20 ዲግሪም በ60 ዲግሪም አንዱን በአንድ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ቦታው ያ የመጨረሻው ዳገት ነው። ከ55 ወደ 65 ማድረስ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ትርፍ ይውጥልዎታል፤ ይህ በማግስቱ ደመና ቢሆን የሚጠቅም ስንቅ ነው።

ባለሙያዎችም ጭምር የሚሳሳቱበት አንድ ወጥመድ ግን አለ። አዟሪው መቆጣጠሪያ ትርፍ ባየ በሰከንድ ውስጥ ይነሣል፤ ፓምፑ ግን 10 ደቂቃ ይጠብቃል። ዝም ብለው ከተዉአቸው አዟሪው ሁልጊዜ ቀድሞ ትርፉን ይጠርገዋል፤ መለኪያው «ትርፍ የለም» ይላል፤ ፓምፑም አይነሣም። ስለዚህ አዟሪውን ማዘግየት ግድ ነው። ቀላሉ መንገድ በሰዓት መቆጣጠሪያ ከቀትር በፊት እንዳይሠራ መከልከል ነው። የተሻለው ፓምፑ ሥራውን ሲጨርስ ብቻ ሬዚስታንሱን የሚፈቅድ ሪሌ ነው። ባትሪም ካለዎት ያው ፉክክር በሦስት ስለሚሆን፣ ከሦስቱ ማን እንደሚቀድም በግልጽ ይወሰን።

የሬዚስታንሱንም ቦታ ይመልከቱ። ሬዚስታንስ የሚያሞቀው ከራሱ በላይ ያለውን ውኃ ነው። ከወገብ ላይ የተገጠመ ከሆነ ከሥሩ ያለው ውኃ ለብ እንዳለ ይቀራል። የፓምፑ ሴንሰር ከሬዚስታንሱ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ የሞቀውን ግማሽ ብቻ አይቶ «ሞልቷል» ብሎ ይተኛል፤ ሰው ሲታጠብ ውኃው ቶሎ ይቀዘቅዛል።

የታችኛው ክፍል ለብ ማለት የጤናም ጉዳይ ነው። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባል፤ በ60 ዲግሪ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው በሳምንት አንድ ጊዜ ከታች እስከ ላይ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት። ፀሐያማ ቀን ሲያጋጥም ይህን በትርፉ ኃይል መፈጸም ደስ ይላል፤ ግን ለፀሐይ ብቻ አይተዉት። ሳምንቱ ደመና ከሆነ ፓምፑ ራሱ በመስመር ኃይል የሚፈጽምበት ፕሮግራም ሳይጠፋ ይቆይ።

ውኃው 65 ሊደርስ ከሆነ ሁለት ነገር ሳይሟላ ማታ አይደሩ። አንደኛው ቀዝቃዛ ቀላቅሎ ወደ 50 ዲግሪ የሚያወርድ ቫልቭ በማጠራቀሚያው መውጫ ላይ መገጠሙ ነው። 60 ዲግሪ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ያን ያህል እንኳ አይታገሥም። ሁለተኛው የመስፋፊያው ጉዳይ ነው። 200 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 65 ሲሞቅ ወደ 4 ሊትር ያህል ይሰፋል። ያ ጭማሪ ወደ መስፋፊያ ጋኑ ወይም በሴፍቲ ቫልቩ በኩል መውጣት አለበት። ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ አስጠልቷቸው በክዳን የደፈኑትን ሰዎች አይቻለሁ። ይህን በቤትዎ ካዩ ዛሬውኑ ያስነሱት፤ የተደፈነ ቫልቭ ያለው ማጠራቀሚያ ሊፈነዳ ይችላል።

ሽቦውን በተመለከተ፣ 3 ኪሎ ዋት በ230 ቮልት 13 አምፔር ነው፤ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። መጠባበቂያ ሆኖ በዓመት አምስት ቀን ሲሠራ የቻለው ግንኙነት በየቀኑ ሲሠራ ላይችል ይችላል። ባለሙያ ኃይሉን አጥፍቶ የሬዚስታንሱን ክዳን ይክፈት። ብሎኑ የላላ ከሆነ በአጠገቡ ያለው ሽፋን ቡና መስሎ ታገኙታላችሁ፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ገለባ ይሰበራል። የራሱ ብሬከር፣ ሙቀት የሚችል ሽቦና በእጅ ካልተመለሰ የማይነሣ የሙቀት ማቋረጫ ይኑረው።

አንድ ቀላል ፍተሻ ይቀራል። አዟሪው ትርፉን የሚያውቀው በዋናው ሽቦ ላይ በታቀፈው የከረንት መለኪያ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ላይ ቀስት አለ። ተገልብጦ ከታቀፈ መግዛትን መሸጥ ያደርገዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያውን ያብሩና አዟሪውን ይመልከቱ፤ ሬዚስታንሱን ካበራ ቀለበቱ ተገልብጧል፤ የሁለቱ ወር ምሥጢርም በከፊል እዚያ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ ለአንድ ሳምንት ቆጣሪውን ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ እያነበቡ ይመዝግቡ። ፓምፑ አሁንም ሌሊት የሚነሣ ከሆነ፣ ውኃው ስንት ዲግሪ ሲወርድ እንደሚነሣ የሚወስነውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ 5 ሆኖ ይመጣል። ወደ 10 ከፍ ያድርጉትና ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሲታጠብ ውኃው በቅቶት እንደሆነ ይጠይቁት። ካልበቃው ወደ 8 ይመልሱት።