ሴል ኃይል «ያመነጫል» ወይስ «ያወጣል»?

ጥያቄ፦ ጎንደር ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ሴል ኃይል ያመነጫል» ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ «ያወጣል» እያልኩ አርማለሁ። «ስኳር ያቃጥላል» የሚሉም አሉ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እርማትዎን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱን ግን ተማሪዎቹም ሊያውቁት ይገባል። «አመነጨ» በራሱ ነውር የለበትም፤ «የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ» እንላለን። ችግሩ ኃይሉ ከየት እንደመጣ ሳይነገር ዓረፍተ ነገሩ የሞላ መምሰሉ ነው። «ሴል ኃይል ያመነጫል» ብሎ አራት ነጥብ መዝጋት ይቻላል። «ያወጣል» ሲባል ግን ሰሚው ወዲያው «ከምን?» ይላል። «ከስኳር» ብለን ስንመልስ ያቺ ትንሽ «ከ» ዋናውን ቁም ነገር ትይዝልናለች፤ ኃይሉ ቀድሞም ግሉኮስ በሚባለው ስኳር ውስጥ ነበረ፣ ያኖረውም ተክል ነው፣ ከፀሐይ ብርሃን ወስዶ።

ተማሪዎችዎ በቅርብ የሚያውቁትን ጠጅ ይውሰዱ። ብርዝ ጣፋጭ ነው። ጌሾ ገብቶበት ሲሰነብት እርሾው ስኳሩን ይበላዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አረፋ እየሆነ ይወጣል፣ ጣፋጩም እየቀነሰ አልኮል ይተካል። እርሾው ያለ ኦክስጅን ሲሠራ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል የሚያተርፈው 2 ኤቲፒ (ሴል ኃይል ይዞ ለሥራ የሚያውለው ሞለኪውል) ብቻ ነው። ኦክስጅን ያገኘ ሴል ያንኑ ሞለኪውል ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሴል ክፍሎች ውስጥ እስከ መጨረሻው አፍርሶ 30 ገደማ ያገኛል። ታዲያ እርሾው ያላገኘው ኃይል የት ሄደ? አብዛኛው አልኮሉ ውስጥ ቀረ። ደረቅ አረቄ ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል የሚነደው ይኸው የቀረው ኃይል ስላለ ነው። «እርሾ ኃይል ያመነጫል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ለዚህ ቀሪ ቦታ የለውም። «እርሾ ከስኳር ጥቂት ኃይል ያወጣል» ያለው ግን «የቀረውስ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። እንዲህ የሚያስጠይቅ ግስ ለመምህር ትልቅ ሀብት ነው።

«ይፈጥራል» ብሎ የሚጽፍ ካለ ያለ ማመንታት ይሰርዙበት።

«ያቃጥላል» የሚሉት ከእውነቱ ብዙ አልራቁም። ስኳር በእሳት ቢነድም፣ ሴል ውስጥ በኦክስጅን ቢፈርስም መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። መንገዱ ግን ይለያያል። እሳት ኃይሉን በአንድ ጊዜ ሙቀትና ብርሃን አድርጎ ይበትነዋል፤ ሴል ግን በኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ እየፈታ ከፊሉን በኤቲፒ ይይዛል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ በጨዋታ መሃል ቃሉን ይለፉት፤ ለፈተና መልስ ግን አይበቃም።

ሰሌዳ ላይ እንዲህ ቢጽፉ እመርጣለሁ፦ «ሴል በኦክስጅን እየታገዘ ከግሉኮስ ኃይል ያወጣል፤ በዚያም ኃይል ኤቲፒ ይሠራል።» ሁለተኛው ግስ «ያመርታል» ቢሆንም አልቃወምም፤ ኤቲፒ ከኤዲፒና ከፎስፌት የሚገጣጠም ቁስ ነውና በእርግጥም ይመረታል።