መከታተያ መሣሪያ የሌላት የወፍ ተመራማሪ

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ ባሕር ዳር የሦስተኛ ዓመት የዱር እንስሳት ተማሪ ነሽ፤ ሊጠፉ የተቃረቡ የውሃ ዳር ወፎችን ፍልሰት መከታተል ሙያሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። የሳተላይት መሣሪያ መግዣ ግን የለሽም። አባትሽ «ወፍ ቆጥሮ የበላ የለም፤ አካውንቲንግ ተማሪ» ይላሉ። እንግሊዝኛሽም ያሳስብሻል።

መሣሪያው ያን ያህል አያስጨንቅሽ። ወፍ ላይ ማሰር የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ከካዛክስታን እስከ ሱዳን የሚወርደውን ሶሺያብል ላፕዊንግ የተባለ ወፍ እንውሰድ። 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። መሣሪያው ከነማሰሪያው ከወፉ ክብደት 3 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህም 6 ግራም ነው። እንዲህ ያለ ቀላል መሣሪያ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ በፀሐይ ይሞላል። ላባ ሲሸፍነው ወይም ሰማዩ ለቀናት ሲደምን ምልክቱ ይጠፋል። ጀማሪ ታዲያ «ወፉ ሞተ» ብሎ ይጽፋል።

ቀጣሪ የሚፈልገው ይህን የሚለይ ሰው ነው፤ ልምምዱም ገንዘብ አይጠይቅም። ሙቭባንክ ላይ፣ የእንስሳት ጉዞ መረጃ በሚከማችበት ድረ ገጽ፣ ተመዝገቢ፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአንድ ወፍ መረጃ አውርጂና አር በተባለው ነፃ የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ክፈቺው። ጥሬውን ፋይል አትንኪ፤ ቅጂው ላይ ሥሪ። መረጃው የመሣሪያውን ቦታ ከሚያሰላው የአርጎስ ሳተላይት ሥርዓት የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የጥራት ደረጃውን እዪ፦ 3 ከሆነ ስህተቱ ከ250 ሜትር በታች ነው፤ 1 ከሆነ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር፤ ኤ እና ቢ ግን የስህተት ግምት የላቸውም። ቀጥሎ በተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለሰዓቱ አካፍይ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ከወጣልሽ አንዱ ነጥብ ውሸት ነው፤ አውጪው።

የእኛ ሰው በተለይ የሚሰናከለው በሰዓት ነው። መረጃው የሚመጣው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ማስታወሻሽ ላይ «ጠዋት 1 ሰዓት» (7:00) ያልሽው 04:00፣ «ማታ 1 ሰዓት» (19:00) ያልሽው 16:00 ይሆናል። ቀኑንም ወደ ጎርጎርዮሳዊው ቀይሪ። አለዚያ የመስክ ምልከታሽና የወፉ ጉዞ በጭራሽ አይገጥሙም።

በጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ ሲካሄድ ጣና ዳር ከሚቆጥሩት ጋር ውጪ። መንጋው ከበዛ አሥር ወፍ ቆጥረሽ፣ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይንሽ መንጋው ላይ እየደጋገምሽ ለኪ። እግሩ ላይ ባለቀለም ምልክት ያለው ወፍ ካየሽ ቀለሙን፣ የወፉ ቀኝ ወይም ግራ እግር መሆኑንና ምልክቱ ከመገጣጠሚያው በላይ ይሁን በታች ጻፊ። ይህም ክትትል ነው፣ ያውም ያለ ባትሪ።

አባትሽ ስለ ገንዘቡ ያሉት ሐሰት አይደለም፤ ሥራው በአብዛኛው በፕሮጀክት ነው፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል። ግን ሦስት ዓመት ጥሎ ከዜሮ መጀመር በአካውንቲንግም ቢሰላ ኪሳራ ነው። አርና የካርታ ሥራ የቻለ ሰው ግብርናም፣ ውሃም፣ ጤናም ዘንድ ይፈለጋል። ይህን ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው።

እንግሊዝኛው አብሮ ይመጣል፤ አር ስህተትሽን የሚነግርሽ በእንግሊዝኛ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክቺ ያጸዳሽውን የአንድ ወፍ ካርታና የጻፍሽውን ኮድ ከማመልከቻው ጋር አያይዢ።