ሰኞ ሰኞ የሚያፏጨው ፍላንጅ

እዚሁ አዳማ፣ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ የሚሠራ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የሂት ኤክስቼንጀራችን ክዳን እንፋሎት ያፏጫል፤ የሚጀምረውም ሁልጊዜ ሰኞ ነው። ግፊቱ 8 ባር ነው። ባለ 3 ሚሊ ጓርኒሲዮን ቆርጠን፣ ግራና ቀኙን ሲሊኮን ቀብተን እንገጥማለን። ሲያፏጭ ቡሎኑን እናጠብቃለን። ሁለት ሳምንት ይቆይና ያው ነው። ሻጩ ግን እስከ 400 ዲግሪ ይችላል ብሎኛል። የትኛውን ዓይነት ልግዛ?»

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ሂት ኤክስቼንጀር የእንፋሎትን ሙቀት ወደ ሌላ ፈሳሽ የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው፤ ፍላንጅ ክዳኑና አካሉ በቡሎን የሚገጠሙበት ጠርዝ፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በመሀላቸው ገብቶ እንዳያፈስ የሚዘጋው ንጣፍ ነው።

ወንድሜ፣ የምትገዛውን እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ሰኞን እንያት።

8 ባር ላይ ያለ እንፋሎት ሙቀቱ 175 ዲግሪ ገደማ ነው። ታዲያ 400 ይችላል የተባለው ለምን 175 ላይ ይረታል? ሻጩ አልዋሸህም፤ ግማሹን ነው የነገረህ። እንዲህ ያለ የቃጫ ጓርኒሲዮን ላይ የሚጻፉት ትልቁ ሙቀትና ትልቁ ግፊት ለየብቻ ናቸው። ሁለቱን ባንድ ላይ አይሸከምም። በዚያ ላይ ቃጫውን ያያያዘው አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ነው። ጎማ እንፋሎት ሲበዛበት ይደርቃል፤ እንደ ሰነበተ ዳቦ ይሆናል።

ቅዳሜ ስትዘጉ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ቡሎኑም ፍላንጁም ይሰበሰባሉ፤ እኩል ግን አይደለም። ጤነኛ ጓርኒሲዮን በመጠኑ መለስ ብሎ ያንን ልዩነት ይሞላል። የደረቀው አይመለስም። ሰኞ ጠዋት ቫልቭ ሲከፈት እንፋሎቱ መውጫውን ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እየሠራ፣ እየጋለ ያለ ፍላንጅ አታጥብቅ። የደረቀ ጓርኒሲዮን ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፤ ግፊት ካለበት ደግሞ ተቦድሶ ይወጣል። እኔ በወጣትነቴ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይህንኑ አድርጌ ክንዴ ላይ ጠባሳ አትርፌያለሁ። ፊቴ ባለመሆኑ ተመስገን። መጀመሪያ ዝጋ፣ ግፊቱን አስተንፍስ፣ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ንካው።

አሁን ወደ ግዢው። ላንተ ሥራ የምመርጠው ግራፋይት ነው፤ መሀሉ ስስ፣ ጥርስ ያለው የማይዝግ ብረት የገባበት። ጎማ የለበትም፣ ስለዚህ የሚደርቅ ነገር የለውም። አየር ባለበት እስከ 450 ዲግሪ አካባቢ ይሄዳል፤ ያንተ 175 ምኑም አይደለም። ዋጋው መርካቶ ውስጥ ያስደነግጥሃል። ግን በየሁለት ሳምንቱ የምትቆመውን ሰዓት አስላው።

ነጩ ቴፍሎንስ ብትለኝ፣ 260 ዲግሪ ይባልለታል። ነገር ግን ንጹሑ ቴፍሎን በጭነትና በሙቀት ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ቡሎኑ ይላላል። ለእንፋሎት ተወው።

ግፊትህ ከዚህ በጣም ከፍ ቢል ኖሮ ጥምዝምዙን፣ ስፓይራል ወውንድ የሚሉትን እመክርህ ነበር። እሱ በስስ ብረትና በግራፋይት ተጠቅልሎ የተሠራ ነው። ስትገዛ የውጪ ቀለበቱን ጠርዝ ተመልከት፦ አረንጓዴ ቀለም 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ማለት ነው፣ ቢጫ 304 የሚባለው፣ ግራጫ ሰረዝ ካለበት ሙሌቱ ግራፋይት ነው። የቧንቧው መጠንና የፍላንጁ ክላስም (የግፊት ደረጃው) ተቀርጾበታል። ካንተ ፍላንጅ ጋር ካልገጠመ «ተቀራራቢ ነው» ቢሉህ አትስማ። በደንብ ለመጨመቅ ጠንካራ ቡሎንና ወፍራም ፍላንጅ ይፈልጋል፤ ለስስ ክዳን አይሆንም።

ውፍረቱን ከ3 ወደ 1.5 ሚሊ ቀንሰው፣ ፍላንጁ ቀጥ ያለ ከሆነ። ወፍራም ይሻላል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ግን ወፍራሙ ነው ቶሎ የሚላላው፤ ለግፊቱም የሚያጋልጠው ጎን ሰፊ ነው። ሲሊኮኑንም ጣለው። ጓርኒሲዮኑን ያንሸራትተዋል፣ የተጨመቀው ትርፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ስቲም ትራፑን፣ ማለትም ውኃውን እያስወጣ እንፋሎቱን የሚያስቀረውን ዕቃ፣ ይደፍናል። ቅባት የሚቀባው ቡሎኑ ጥርስ ላይና ዳዶው የሚያርፍበት ሮንዴላ ላይ ነው፤ ሙቀት የሚችል ቅባት ይሁን። ቁልፉ ላይ ከምታሳርፈው ጉልበት ቡሎኑን በትክክል የሚስበው ወደ 10 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰበቃ ይበላዋል። ደረቅና ዝገት የበላው ቡሎን ደግሞ የባሰ ነው።

ስታጠብቅ እንደ መኪና ጎማ ቡሎን ተሻግረህ ተሻግረህ ነው። ከሚፈለገው ጉልበት መጀመሪያ 30 በመቶ፣ ቀጥሎ 60፣ ከዚያ 100፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ዞር ብለህ በተርታ። ቶርክ ሬንች (ጉልበቱን የሚለካው ቁልፍ) ከሌለ ተዋስ። በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ መጎተት ጀግንነት አይደለም።

ሰኞ ስትጀምሩም የተጠራቀመውን ውኃ አስወጡ፣ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ውኃው በእንፋሎት ተገፍቶ ሲመታ ማንኛውም ጓርኒሲዮን ይናጋል።

አሮጌውን ስታነሳ ፋብሪካው የቆየ ከሆነ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በግራይንደር አትፋቀው፤ በውኃ አርጥበህ፣ ጭምብል አድርገህ በእጅ አውጣው። ከመጣልህ በፊት ግን በካሊፐር አራት ቦታ ለካው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ በግልጽ ከተለያየ ጥፋቱ የአጠባበቁ ነው።

የፍላንጁ ፊት ላይ ከውስጥ ወደ ውጪ የተሻገረ ጭረት ካየህ ቶርኖ ቤት ውሰደው። የኛ ቶርኒተሮች አንድ ነገር ይወዳሉ፦ እንደ መስታወት አብርተው መስጠት። እንዳያደርጉት ንገራቸው። በጥፍር የሚዳሰሱት ክብ ክብ ጭረቶች እንዲቀሩ ትፈልጋለህ፤ ጓርኒሲዮኑን የሚይዙት እነሱ ናቸው።