ፋይሉ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን የለም ይላል

ጥያቄ፦ ለኅብረት ሥራ ማኅበራችን የበቆሎ ርክክብ የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌያለሁ። ከኤዲተሩ ሳስኬደው ይሠራል፤ ከተርሚናል ስጠራው ግን «ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር፣ ኤርኖ 2» ይላል። ፋይሉ ከስክሪፕቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። በትራይ-ኤክሴፕት (ኤረር ሲመጣ በሚይዘው ትእዛዝ) ብይዘው ዝም አለ፤ የወሩ ድምር ግን ዜሮ ሆነ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንነሣ። የኤረሩን ስም ሳይጠሩ ኤክሴፕት ብለው በፓስ («ምንም አታድርግ» በሚለው ትእዛዝ) ሲያልፉት ችግሩ አልተፈታም፤ አፉ ተለጎመ እንጂ። ዜሮ ድምር ከቀዩ የኤረር ጽሑፍ ይከፋል፤ ሰው አምኖ ይፈርምበታል። ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረርን ብቻ ለይተው ይያዙ፤ ሲይዙም የተፈለገውን ሙሉ አድራሻ አሳይቶ ፕሮግራሙ ይቁም።

ኤርኖ የኤረሩ ቁጥር ነው፤ 2 «በዚህ አድራሻ ምንም የለም» ማለት ነው። የፋይሉን ስም ብቻ ሲሰጡት ፓይተን የሚፈልገው ስክሪፕቱ ባለበት ሳይሆን ተርሚናሉ በቆመበት ፎልደር ነው። ኤዲተሩ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ስለሚያስነሣልዎ ጉዳዩ ተሸፍኖ ቆየ። ለማረጋገጥ ከኦፕን በፊት፣ የቆሙበትን ፎልደር የሚነግርዎ ኦኤስ.ጌትሲደብሊውዲ() ምን እንደሚል ፕሪንት ያድርጉ። ከዚያ አድራሻውን ከስክሪፕቱ ያስነሡት፦ ፓዝ(__ፋይል__).ሪዞልቭ().ፓረንት ብለው የፋይሉን ስም በ/ ይቀጥሉበት (ኮዱን ሲጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)።

አሁንም እምቢ ካለ ስሙን ይጠርጥሩ። ዊንዶውስ ቅጥያን (ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን) ስለሚደብቅ «መዝገብ.ሲኤስቪ» የመሰለዎት «መዝገብ.ሲኤስቪ.ቲኤክስቲ» ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ከሰየሙት ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን ሂ 1202፣ ሒ 1212 ስለሆኑ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ፋይሎች ናቸው። ፕሮግራም የሚያነበውን ፋይል በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት መሰየሙን እንመርጣለን፤ ትንንሽ ያልነው ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ስለሚለይ ነው።

የኤርኖው ቁጥር 13 ከሆነ ፍለጋውን ይተዉት፤ ጉዳዩ የፈቃድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ኤክሴል ላይ ተከፍቶ ቀርቶ ነው። 28 ከሆነ ዲስኩ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ መብራት በሄደ ቁጥር መዝገቡ 0 ባይት ሆኖ ይጠብቀኛል። ከመክፈቴ በፊት መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ምን ጎደለ? (ከሞጣ)

መልስ፦ መኖሩን ማየት እዚህ አይረዳዎትም። በ«ደብሊው» (ለመጻፍ) ሲከፍቱት የነበረው ጽሑፍ ያኔውኑ ይጠፋል፤ አዲሱ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ መብራት ከሄደ በእጅዎ የሚቀረው ባዶ ፋይል ነው። ስለዚህ ዋናውን አይንኩ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጻፉ፤ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ፍላሽ()፣ ቀጥሎ ኦኤስ.ኤፍሲንክ() ይጥሩ፤ ይዝጉት፤ በመጨረሻ በኦኤስ.ሪፕሌስ() በዋናው ቦታ ይተኩት። መብራቱ መሐል ላይ ቢሄድ እንኳ የቀድሞው መዝገብ እንዳለ ይቆያል። ጊዜያዊውን ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ዲስክ ላይ ካደረጉት ሪፕሌስ አይሠራም። ሳይዘጉት ከተኩትም ዊንዶውስ በፐርሚሽን ኤረር ይመልስዎታል።