ከትልልቆቹ ፓርቲዎች ተስፋ ለቆረጣችሁ መራጮች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ምርጫው እየቀረበ ነው። "ሁሉም ያው ናቸው" የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኔ ብዙ ዓመት በምርጫ ታዛቢነትና በድምፅ ቆጠራ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። የማውቀውን ልመልስላችሁ ተቀምጫለሁ። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ስትጠይቁ የምትመርጡበትን ሥርዓት አብራችሁ ንገሩኝ። ማንን እንደምትመርጡ አልነግራችሁም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ተስፋ የቆረጠ፦ ጋሼ፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች እጅ እጅ ብለውኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ድምፅህ ወደ ወንበር የሚለወጠው እንዴት ነው? በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ ነው የሚያልፈው? ወንበር የሚከፋፈለው ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ነው? ሁለተኛ ዙር አለ? መልሴ በዚህ ይለያያል። አጣርተህ ተመለስ።

አዲስ መራጭ፦ የእኛ አንደኛ የወጣው የሚያልፍበት ነው። ለትንሽ ፓርቲ እሰጣለሁ ስል "ድምፅሽን ልታባክኚ ነው" ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይሽ።

ብሪታንያን በ2024 ተመልከቺ። ሌበር ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ650 ወንበሮች 411ዱን ወሰደ። ሪፎርም ዩኬ 14 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ደረሰው። ሊበራል ዴሞክራቶች ግን በ12 በመቶ 72 ወንበር አገኙ። በአነሰ ድምፅ ከዐሥር እጥፍ የሚበልጥ ወንበር! ይህን ያመጣው የድምፁ አቀማመጥ ነው። የአንዱ ድምፅ በመላ አገሪቱ ስስ ሆኖ ተበተነ። የሌላው በተወሰኑ የምርጫ ክልሎች ተከማቸ።

ስለዚህ ፓርቲው በአገር ደረጃ ትንሽ መሆኑን ለጊዜው እርሺው። አንቺ በምትመርጪበት ክልል ባለፈው ምርጫ ስንተኛ ወጣ? ሁለተኛ ከሆነ ድምፅሽ ወንበር ሊያስገኝ ይችላል። አምስተኛ ከሆነ ወንበር አያስገኝም፣ መልእክት ያስተላልፋል። መልእክትም ዋጋ አለው። ግን እያወቅሽ ይሁን።

ሌላኛውንም ገጽ አልደብቅሽም። በ2000 የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ውጤቱን በወሰነችው በፍሎሪዳ ግዛት ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዴሞክራቱን ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው። ሦስተኛው ዕጩ ራልፍ ኔደር እዚያው ግዛት ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቷል። የኔደር መራጮች እሱ ባይኖር ማንን ይመርጡ ነበር የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ አንደኛ የወጣው በሚያልፍበት ሥርዓት ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደምትፈሪ ማወቅ አለብሽ። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቬርዤ ይህን ቀድሞ አስተውሎታል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ውሎ አድሮ ወደ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ይገፋል። ሰዎቹ ስለወደዷቸው ብቻ አይደለም የሚቆዩት፤ ሒሳቡም ያቆያቸዋል።

አልመርጥም፦ ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ ቢቀር ማን መሆናቸውን ያዩታል።

መምህርት፦ ማንም አያይም! የቀረው ሰው ወንበር ላይ አይጻፍም። በ2002 የፈረንሳይ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ የመጀመሪያው ዙር ላይ ከመራጩ ከአንድ አራተኛ በላይ ቀረ። የግራውም ድምፅ በብዙ ዕጩዎች ተበታተነ። የግራው ዕጩ ዦስፓን 16.2 በመቶ፣ ቀኝ አክራሪው ለ ፔን 16.9 በመቶ። ዦስፓን ወደቀ፣ ለ ፔን ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ።

አልመርጥም፦ ታዲያ መጨረሻ ላይ የቀኙ ዕጩ ሺራክ 82 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ አይደል? ምን ጠፋ?

መምህርት፦ የጠፋውማ ምርጫው ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር የግራ መራጭ ዕድሜውን ሙሉ ሲቃወመው ለኖረው ሰው ድምፅ ሰጠ።

አልመርጥም፦ እኔ የማላምንበትን ከመምረጥ ዝም ማለት ይሻለኛል። ዝምታም መብት ነው።

መምህርት፦ መብት መሆኑን ማን ካደ? የምልህ ዝምታህን የሚያነብልህ የለም ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩኝ። መብት ነው፣ ተስማማን። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፓርቲዎች ቅስቀሳ ሲያቅዱ ባለፈው ማን እንደመረጠ ይመለከታሉ። በሚመርጥ ሰው በር ይመላለሳሉ። የማይመርጠውን ያልፉታል። የወጣቱ ጉዳይ ከማኒፌስቶ የሚወጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የቀረህበትን ምክንያት አንተ ታውቀዋለህ። እነሱ ጋ የሚደርሰው መቅረትህ ብቻ ነው።

ነባር አባል፦ ጋሼ፣ እንግዲያው ሄዶ ባዶ ወረቀት ኮሮጆ ውስጥ መጣልስ? ወይ ሁሉንም መሰረዝ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ቆጠራ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ልንገርዎ።

ኮሮጆው ይከፈታል። ወረቀቶቹ በየዕጩው ይደረደራሉ። አጠራጣሪዎቹ ለብቻ ይቀመጣሉ። እነሱን አንድ በአንድ አንሥተን "የመራጩ ፍላጎት ግልጽ ነው ወይ?" እንላለን። አንድ ሌሊት ጀርባው ሙሉ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት እጄ ገባ። ሥራ ስላጣ ልጁ የጻፈ አባት ነበር። ልብ የሚነካ ነው። ፊት ለፊቱን አዞርነው። ምልክት የለም። "ዋጋ አልባ" ተባለና ተሳስተው ሁለት ዕጩ ላይ ምልክት ካደረጉ ሰዎች ወረቀት ጋር አንድ ላይ ታሰረ። በውጤት ቅጹ ላይ የገባው አንድ ቁጥር ነው። የተሳሳተውም የተቆጣውም እዚያው ቁጥር ውስጥ ናቸው። ያን አባት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ፓርቲዎቹ ግን አላነበቡትም።

ከዚህ የተለየ የሚሆነው ሕጉ ራሱ ቦታ ሲሰጠው ነው። ሕንድ ከ2013 ጀምሮ "ከተዘረዘሩት ማንንም" የሚል ምርጫ ወረቀቱ ላይ አለ። ለብቻው ይቆጠራል። ሆኖም አንደኛ ቢወጣ እንኳ ከዕጩዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው የሚያልፈው። ኮሎምቢያ ዘንድ ግን ባዶ ድምፅ ከግማሽ በላይ ከሆነ ምርጫው አንድ ጊዜ ይደገማል። ልዩነቱን አዩት? ስለዚህ እደግመዋለሁ፤ መጀመሪያ ሕጋችሁን እወቁ።

አዲስ መራጭ፦ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችን ልመን?

መልስ፦ የአገሩን አጠቃላይ አዝማሚያ ያሳያሉ። ያንቺን ክልል አያሳዩም።

ሌላ ጠያቂ፦ ከሁለቱ መሪዎች የትኛው ነው ሐቀኛ?

መልስ፦ ይህን አልመልስም። መግቢያው ላይ ተናግሬያለሁ።

ሌላ ጠያቂ፦ ሁለቱም ፓርቲዎች ያው ናቸው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ከላይ ተጠይቋል፣ ተመልሷል። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ሥርዓታችሁን ሳትነግሩኝ "ምን እናድርግ" ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት እንደሚያም ሳይናገሩ መድኃኒት እንደመጠየቅ ነው።

ነባር አባል፦ ትልቅ ፓርቲ ግን አይወድቅም። ትላንትም እነሱ፣ ነገም እነሱ።

መምህርት፦ ኧረ ይወድቃል! ካናዳ በ1993 ሥልጣን ላይ የነበረው ፕሮግሬሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ሁለት ወንበር ብቻ ይዞ ቀረ። የግሪኩ ፓሶክ ፓርቲም በ2009 ወደ 44 በመቶ ነበረው። በጥር 2015 ከ5 በመቶ በታች ወርዷል።

ነባር አባል፦ እሺ ወደቁ። በእነሱ ቦታ የመጡትስ ተሻሉ?

መምህርት፦ እሱ ሌላ ክርክር ነው።

መልስ፦ አዎ፣ ሌላ ክርክር ነው፣ እዚህ አንግባበት። ካናዳ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያ ፓርቲ 16 በመቶ ድምፅ ነበረው። ኩቤክ በሚባለው ግዛት ብቻ የተወዳደረው ብሎክ ኩቤክዋ ፓርቲ 13.5 በመቶ ይዞ 54 ወንበር አገኘ። ያው የብሪታንያው ታሪክ ነው። ቁጣ ብቻውን ፓርቲ አይጥልም። ቁጣው የት እንደተከማቸ ነው የሚወስነው።

የተመጣጣኝ መራጭ፦ የእኛ ወንበር የሚከፋፈለው በድምፅ ልክ ነው። እንግዲህ ለትንሽ ፓርቲ በነፃነት እመርጣለሁ አይደል?

መልስ፦ ዝቅተኛ ወለል አላችሁ? ጀርመን ውስጥ 5 በመቶ ያልደረሰ ፓርቲ በመደበኛው መንገድ ወንበር አይደርሰውም። በ2025 የዛራ ቫገንክኔክት ፓርቲ 4.98 በመቶ አግኝቶ ቀረ። ወለሉን ካለፈ ግን ድምፅህ ይቆጠራል። ከማን ጋር ጥምር መንግሥት ሊመሠርት እንደሚችልም ከምርጫው በፊት ጠይቅ።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ሥርዓቱን ራሱን መቀየርስ? ሁልጊዜ ሒሳቡን እንድንችለው ብቻ ነው የሚነግሩን።

መልስ፦ ትክክል ነሽ፣ ይህን ማለት ነበረብኝ። ኒውዚላንድ አድርጋዋለች። በ1978ም በ1981ም ብዙ ድምፅ ያገኘው ሌበር ነበር፤ ብዙ ወንበር ያገኘውና መንግሥት የሆነው ናሽናል ነው። በ1981 ሶሻል ክሬዲት የሚባለው ፓርቲ ከ20 በመቶ በላይ አግኝቶ ሁለት ወንበር ደረሰው። ሰው መረረው። በ1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። በ1996 በአዲሱ ቅይጥ ተመጣጣኝ ሥርዓት መረጡ። ከ1981 እስከ 1996 ዐሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። ይቻላል። ግን ለዘንድሮው ምርጫ አይደርስም።

ተስፋ የቆረጠ፦ ጋሼ፣ አጣርቼ መጣሁ። አንደኛ የወጣው የሚያልፍበት ነው። እኔ ያለሁበት የምርጫ ክልል ግን አንድ ፓርቲ ሁልጊዜ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል። ሁለተኛውን ብመርጥም ለውጥ የለውም።

መልስ፦ እንኳን ተመለስክ። አሁን ተግባባን። እንዲህ ባለ ክልል እውነተኛው ምርጫ የሚያልቀው ከምርጫው ቀን በፊት ነው። ዕጩው ሲመረጥ! ይህን ሰው ሁሉ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል፤ ሃያ ዓመት ስናገረው ሰሚ አላገኘሁም።

ፓርቲው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ከሆነ ተመራጩን የሚወስነው ዕጩውን የሚያቀርበው ስብሰባ ነው። እዚያ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2014 የሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መሪ ኤሪክ ካንተር በራሱ ፓርቲ የዕጩ ምርጫ ተሸንፏል። በ2018 ደግሞ ከዴሞክራቶች አመራር አንዱ የነበረው ጆ ክራውሊ በራሱ ፓርቲ የዕጩ ምርጫ ከ17 ሺህ ያነሰ ድምፅ ባገኘችው በአሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ተሸነፈ። ከቀኝም ከግራም ነው። ሁለቱም ለዓመታት የማይነኩ ይመስሉ ነበር። ብሪታንያ በ2022 ሊዝ ትረስን ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጓት የፓርቲዋ አባላት ናቸው፤ የመረጧት 81 ሺህ ገደማ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

እናንተ የምትጠሉት ፓርቲ ዕጩውን የሚመርጥበት ደንብ አለው። አባል መሆን ይጠይቃል? ከስንት ጊዜ በፊት? ማን ድምፅ ይሰጣል? አባላቱ ወይስ ኮሚቴው? ደንቡን ጠይቁ። አብዛኛው ሰው ጠይቆ አያውቅም። ኮሚቴው ብቻ ከሆነ የሚወስነው፣ ያኔ ቢያንስ የምትወቅሱትን ታውቃላችሁ። አባል መሆን ማለት ፓርቲውን መውደድ አይደለም። በር ላይ ቆሞ ከመሳደብ ገብቶ ድምፅ መስጠት ነው።

አልመርጥም፦ ገብተው የሚቀየሩት እነሱ ሳይሆኑ ገቢዎቹ ናቸው።

መልስ፦ ያጋጥማል። አልክድህም። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትግቡ የምለው። ጓደኛ ይዛችሁ ግቡ።

ሌላ ጠያቂ፦ ሁሉም ያው ናቸው፣ ምን...

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ከላይ ያለውን አንብብ።

ተስፋ የቆረጠ፦ ጋሼ፣ የፓርቲውን ደንብ አገኘሁት። ዕጩውን የሚመርጡት የክልሉ አባላት ናቸው። ባለፈው የተገኙት አንድ የመማሪያ ክፍል አይሞሉም ነበር ብሎ አንድ አባል ነገረኝ። ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ነው። ለአባልነት ግን ቀነ ገደቡ አርብ ነው።

መልስ፦ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቅጹን ሙላ። ለዋናው ምርጫ መመዝገብህንም ዛሬውኑ አረጋግጥ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ተስፋ የቆረጠ፦ እኅቴንም ይዤ እሄዳለሁ።

አልመርጥም፦ ያንን ደንብ ለእኔም ላክልኝ እስቲ።