አባዶ ላይ አራስ ይዞ መኖር

ወንድሜ፣ አስቀድሞ ማርያም በሽልም ታውጣት።

ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ባለቤትህ ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች። ጉለሌ ያለው ቤት ኪራይ ስለጨመረባችሁ አዲስ አበባ ዳር ያለው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አይታችኋል። ሥራህ ሜክሲኮ ነው። አሁን እንግባ ወይስ ወልዳ ትነሳና እንግባ፣ ከገባንስ ምን ላዘጋጅ ነው ያልከው። እኔም አባዶ ገብቼ ብዙ ሳልቆይ ነው አባት የሆንኩት፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች በሙሉ ስለ መንገዱ ነው ያወሩት። እውነታቸውን ነው፣ መንገዱ ይከብዳል። ግን ርቀቱ የሚጫነው አንተን አይደለም። አንተ በጠዋት ወጥተህ ከሰው ጋር ትውላለህ፣ ቡና ትጠጣለህ፣ ትስቃለህ። ማንንም በማታውቅበት ሰፈር፣ አራት ፎቅ ላይ፣ ጨቅላ ታቅፋ የምትውለው እሷ ናት። ስለዚህ የምትገዛውንም የምታዘጋጀውንም በዚህ መዝነው፤ አንተ በሌለህበት ሰዓት እሷን ያግዛታል ወይስ አያግዛትም? የሕፃን ጋሪ ልገዛ ነው ብለሃል። ጋሪውን አራት ፎቅ ማን ሊያወጣው ነው? ይቆይ።

አሁኑኑ ግቡ የምለውም ለዚሁ ነው። አራስ ይዘህ ከገባህ ሰው የምትተዋወቅበት ጊዜ የለህም። አሁን ግን ባለቤትህ በእግሯ ናት፤ ሆዷ ገፍቶ ያየ ሁሉ ያናግራታል። ዕቃ አውርደህ ሳትጨርስ በደረጃችሁ ያሉትን በሮች አንኳኳና ራስህን አስተዋውቅ። እኔ ዓይነ አፋር ነኝ፤ ያኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዞርኩ። ለጥበቃዎቹ፣ ለብሎኩ ኮሚቴ፣ ምድር ላይ ሱቅ ለከፈተው ልጅ ሁሉ «ባለቤቴ ልትወልድ ነው» በላቸው። አንዳንዱ ሰው የቤቱን ጉዳይ ለጎረቤት ማውራት አይወድም። ይሄ ግን የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ውሃ። ደላላውን ስለ ውሃ አትጠይቀው፤ «ችግር የለም» ነው የሚልህ። ጥበቃውን ወይም ልብስ የምታሰጣ ሴት ካገኘህ እሷን ጠይቅ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። ግፊቱ ሲደክም ምድር ቤት ያሉት እየቀዱ አራተኛ ፎቅ ጠብ አይልም። አመጣጡን ልንገርህ። መጀመሪያ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ ያንኮራፋል። ከዚያ ቡናማ ውሃ ይመጣል፤ እሱን ለወለልና ለሽንት ቤት ቅዳ። ጠርቶ ሲወርድ በርሜሉን፣ በመጨረሻ የመጠጡን ጀሪካን። ድምፁን ለምደህ ከእንቅልፍህ ትነሳለህ፤ ሕፃኑም ያነሳሃል፣ አብራችሁ ትቀዳላችሁ። ይሄን ሥራ ለእሷ አትተው። አራስ ጀሪካን አታነሳም፣ አበቃ።

በረንዳ ላይ ትልቅ ሮቶ ለማስቀመጥ ካሰብክ ክብደቱን አስብ፤ 1000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። እኛ አንድ በርሜል መታጠቢያ ቤት አቆምንና የቀረውን በጀሪካን ያዝን። ውሃው ሳይመጣ ከሰነበተ ጀሪካን በክፍያ የሚያወጡ ልጆች አሉ፤ ስልካቸውን ቀድመህ ያዝ። ዳይፐርም ከውሃው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ዋጋው ይታወቃል። ቤታችን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር ነበር፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ቀኑም ዳይፐር ይሆናል። አንድ እሽግ ሳይከፈት ይቀመጥልህ።

የምጡን ሌሊት ነገር በደንብ አስብበት። አባዶ ከመሸ በኋላ በስልክ የሚጠራው ታክሲ አንዳንዴ «እዚያ አልመጣም» ብሎ ይሰርዝብሃል። መፍትሔው ብሎካችሁ ወይም ጎን ያለው ብሎክ ውስጥ መኪና አሳድሮ የሚተኛ ሰው ማወቅ ነው። የላዳ ወይም የሚኒባስ ሹፌር የሌለበት ብሎክ ያለ አይመስለኝም። ሂድና ተነጋገር፣ ዋጋም ቁረጥ፤ እምቢ የሚል ሐበሻ አላየሁም። የሁለት ሰው ስልክ ያዝ፤ አንዱ ያን ለሊት ክፍለ ሀገር ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋው 939 ነው፤ በእሷም ስልክ ላይ ይመዝገቡ። የግቢውን በር ቁልፍ ሌሊት ማን እንደሚይዝም እወቅ። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው።

ክትትሏን ካርዷን ይዛ ከአሁኑ እዚህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ብታዞር ጥሩ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ በነፃ ነው። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋሉ፤ የት እንደሚልኩ ቀድመህ ጠይቅና መንገዱን አንድ ቀን ሂድበት። ጋንዲ ሆስፒታል ነው የምትወልደው ካላችሁ ደግሞ ከካራ በኮተቤ ይሁን ከአያት በሲኤምሲ፣ ከተማውን እስከ መሃሉ ማቋረጥ መሆኑን አትርሳ። ሌሊት ይቀልላል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምጥ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአባት ፈቃድን በተመለከተ ብዙ አትጠብቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው፣ ከነደመወዙ። ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ከአባዶ አንፃር ሦስት ቀን ምንም ማለት ነው፤ አንዱ ጤና ጣቢያ ያልቃል፣ አንዱ ዕቃ ስትገዛ፣ አንዱ እንቅልፍ። የዓመት ፈቃድህን ከአሁኑ አትንካው። ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቆየው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ፀሐይ ማሞቅ። እዚህ ብሎኮቹ ተጠጋግተው ስለቆሙ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፈው የተወሰነ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ጥግ፣ አንድ የግንብ ሥር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ የሰፈሩ አራስ ሁሉ እዚያ ነው። በርጩማ ይወጣል፣ ፌስታል ላይ ዘይትና ፎጣ ይቀመጣል፣ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ጭን ላይ ይገለበጣሉ። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ሴቶቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት «ና እስቲ አባቱ፣ ዓይኑን ፀሐይ አታስመታው እንጂ፣ ጀርባውን ስጠው» ብለው ተቀበሉኝ። እግሩን እያሹ ስለ ሰፈሩ የማላውቀውን ሁሉ ነገሩኝ። የትኛው ወፍጮ ቤት የአጥሚት እህል ደህና አድርጎ እንደሚፈጭ። የትኛው ክሊኒክ ሌሊት ሰው እንዳለው። ማን ሞግዚት እንደምትፈልግ፣ ማን እንደማትከፍል ጭምር። ከዚያች ጥግ ያገኘሁትን መረጃ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አላገኘሁም።

ባለቤትህ በየቀኑ ትውረድ። ደረጃው እስኪቀላት ድረስ ሕፃኑን የሚያወርድላት ሰው ይኑር። አንተም ቅዳሜና እሑድ ውረድ፣ አትፈር። ደግሞ «በመስኮቱ ይገባል» ብላችሁ ቤት አትቅሩ፤ አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር መስታወት አያልፍም።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ እዚህ ከመሃል ከተማ ይብሳል፣ ነፋሱም ያፏጫል። መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ አራሷ ክፍል ማስገባት ይመጣል። እባክህ አታድርገው፣ እንግዳም ሲያደርግ አትፍቀድ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝተው የቀሩ ብዙ ናቸው። ሕፃኑን የሚያሞቀው ደረት ነው፤ ልብሱን አውልቀህ ደረትህ ላይ አስተኛውና ጋቢ ከላይ ደርብ። ይሄን አባትም ይችላል፣ እሷም በዚያው ትተኛለች። የቆጣሪ ካርድህን ደግሞ ሳያልቅ ሙላ፤ ሌሊት የሚሞላልህ የለም።

ሁላችንም ዕድለኞች ከሆንን አማት ትመጣለች፣ ታርሳታለች። ገንፎው፣ አብሹ፣ አጥሚቱ በእሷ ነው፤ ቅቤና ዱቄት አስቀድመህ አስገባ። እንግዳ ከሩቅ ስለሚመጣ ቁጥሩ ያንሳል፣ የመጣው ግን ውሎ ነው የሚሄደው። እኔ ይሄ አይከፋኝም፤ የሚመጣው ሰው እጁን ታጥቦ ይግባ እንጂ፣ ቤቱ ሰው ይበለው። ክርክር የሚነሳው ሕፃኑ አፍ ላይ ነው። «ትንሽ ቅቤ ይዋጥ»፣ «ስኳር ውሃ ይቅመስ»፣ «እንገሩ ይፍሰስ» ይባላል። እንገሩ የመጀመሪያ መከላከያው ነው፣ መፍሰስ የለበትም። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገውም። ከአማትህ ጋር ግን አንተ አትከራከር። ለምርመራ ስትሄዱ ይዘሃት ሂድና ነርሷ ትንገራት። ከአማች አፍ የማይዋጠው ከነርስ አፍ ይዋጣል።

ክትባቱ ሲወለድ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳው) እና ፖሊዮ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር ነው። አንድ ነገር እወቅ፤ የቢሲጂው ብልቃጥ ለ20 ሕፃን የሚበቃ ነው፣ ከተከፈተ ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ቀን ለይተው ነው የሚከፍቱት። አራስ አቅፋ ደርሳ «ማክሰኞ ነይ» እንዳትባል ቀኑን ጠይቀህ ጨርስ።

ወረቀቱን ባጭሩ። ከወለደችበት ተቋም የልደት ማሳወቂያ ተቀበል፤ ልደቱ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሚመዘገበው በመደበኛ መኖሪያችሁ ነው፤ መታወቂያችሁ የጉለሌ ከሆነ ወደዚያ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። አባዶ ወዳለበት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ መዛወር ካሰባችሁ መሸኛውን ከአሁኑ አውጡ። አራስ ቤት ሆኖ ወረዳ መመላለስ አያምርም።

ስለ ሥራ መንገድህ ሌሎቹ ብለውታል። እኔ የምጨምረው ሜክሲኮ ባቡሩ መስመር ላይ መሆኑን ነው፤ አያት ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር። ይታጨቃል፣ ግን መገናኛ ላይ ሰልፍ አትቆምም። አለቃህን ቀደም ብለህ ገብተህ ቀደም ብለህ እንድትወጣ ለምነው። ማታ 11 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ቤት መድረስ ለእሷ ሁለት የተለያየ ሕይወት ነው።

በመጨረሻ አራተኛ ፎቁን። ገና ካልፈረምክ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ጠይቅ። በኦፕሬሽን ብትወልድ ያ ደረጃ ለሳምንታት እስር ቤት ይሆንባታል፤ ፀሐዩም፣ ጎረቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ምድር ላይ ነው ያለው። ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም የጀሪካን ክፍያውን ስታስበው ይቀራረባል። ፈርመህ ከሆነ ግን ግዴለም፣ የሚያግዙህን ሰዎች ያዝ። እኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚለቅ ተከራይ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ነገ ጠዋት ጥበቃውን ጠይቄ እዚሁ እጽፍልሃለሁ።