ራስ የሚንጠው ንፋስ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክሌ ለረጅም ጉዞ የተሠራ ነው። ፍጥነቴ 90 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ንፋሱ ሄልሜቴን ግራ ቀኝ ይንጠዋል፤ ጆሮዬንም ያደነቁረኛል። ይሻለኛል ብዬ የፊቱን መስታወት በረጅም ብቀይረው ጭራሽ ባሰ። የጎን መከላከያ ልጨምር ወይስ አጭሩን ልመልስ?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ፊት ለፊት የሚመጣ ያልተነካ ንፋስ ይገፋል እንጂ እንዲህ አይንጥም። የሚንጠው የመስታወቱን ጫፍ ሲያልፍ የተበጣጠሰውና የተጠቀለለው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ያ የተበጣጠሰ ንፋስ ተስቦ ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ መስታወቱ በተለቀ ቁጥር ስበቱም ይበረታል። ሌላም መንገድ አለው፤ ከሥር፣ የፊት ጎማውን በያዙት እግሮችና በታንከሩ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔም በጀማሪነቴ መስታወት ብቻ እየለዋወጥኩ ደንበኛ አመላልሻለሁ።

ምንጩን ለመለየት ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ይምረጡ። መናጡ በሚሰማዎት ፍጥነት ላይ ይሞክሩት፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን በ60 የተሞከረ ለ120 ማስረጃ አይሆንም። ሁለት እጅዎን መሪው ላይ እንዳደረጉ ጥቂት ጎንበስ ይበሉ፣ ቀጥሎ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይበሉ። ጎንበስ ሲሉ ጸጥ ካለ ጫፉ ለእርስዎ ቁመት አጥሯል። ከፍ ሲሉ ጸጥ ካለ ግን ራስዎ ንጹሕ ንፋስ አግኝቷል፤ አጭሩ መስታወት ይሻልዎታል። በሁለቱም ካልተለወጠ፣ የጃኬትዎም ደረት ከታች ወደ ላይ የሚነፋ ከሆነ፣ ጣጣው ከሥር ነው።

ለሥሩ መድኃኒቱ በፊት እግሮቹ ላይ የሚታሰሩት መከላከያዎች ናቸው። መጀመሪያ ግን ጠንካራ ካርቶን በልካቸው ቆርጠው በናስትሮ አጥብቀው ያስሩና በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምረው ይሞክሩት። ከመነሳትዎ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩ፤ ፊቱንም ወደ ታች ይጫኑት። የፍሬን ቱቦ ወይም ገመድ የሚነካ ነገር ካለ አይውጡ። ራዲያተሩን አይሸፍኑ። ዋናውን ከገጠሙ በኋላ በሙቀት ወራት የሞተሩ ግለት እግርዎ ላይ ሊበረታ ይችላል።

ለላዩ መስታወቱ ጫፍ ላይ የሚቆነጠጠው ተጨማሪ ክንፍ ጥሩ ነው፤ ግን ከመስታወቱ ጋር አያጣብቁት። በመካከላቸው ክፍተት ሲኖር በዚያ የሚያልፈው አየር ስበቱን ያረግበዋል። በአንድ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ አንግሉንም ቁመቱንም አንድ ላይ ከነኩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን ልንገርዎ። የመስታወቱን የታች ቡሎኖች ረዘም ባሉ ቀይረው ከጀርባው ወፍራም ጎማ በመደረብ የታች ጫፉን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ያውጡት፤ በሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይከፈታል። ከሥር ይዘጋ ስል ቆይቼ አሁን ይከፈት ማለቴ ግራ ያጋባ ይሆናል። በእግሮቹ መካከል የሚወጣው ንፋስ ተበጣጥሶ አገጭዎን የሚመታ ነው፤ ይህኛው ግን የመስታወቱን ጀርባ ተከትሎ በጸጥታ ይወጣና ባዶውን ይሞላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህችው ብቻ በቅታለች።

የመስታወቱ ጫፍ ከአፍንጫዎ ትይዩ አይለፍ፤ በዝናብና በሌሊት በላዩ እንጂ በውስጡ ማየት የለብዎትም። ሲያስሩ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያድርጉ፣ ከመጠን በላይ አያጥብቁ። ፕላስቲኩን ቤንዚን፣ አሞኒያ ያለበት መስታወት መጥረጊያም ሆነ የቡሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ አያስነኩት፤ ይሰነጥቁታል።

መሪው ላይ የሚታሰር ትልቅ መስታወት የንፋሱን ግፊት ወደ መሪው ያስተላልፋል። አዲስ ነገር ገጥመው የሞተሩ ፊት ወዲያ ወዲህ መዋኘት ከጀመረ ቀስ ብለው ፍጥነት ይቀንሱና ያንኑ ይፍቱ። የጆሮው ነገር ግን ለብቻው ነው፤ መናጡ ቢጠፋም ድምፁ ስለሚቀር ለረጅም መንገድ የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ።